እርሳሱን ከአፍህ

ከኡራኤል ወደ ባምቢስ፣ የመንገዱ መሐል ለመሐል፣
የከተማው ሣር ይበቅላል፤
ማንም አልዘራው፣ ማንም አያርመው፣
ጭስ ነው የሚያጠጣው፣ ጎማ ነው የሚያርሰው።

ጎህ ሳይቀድ፣ ሚኒባስ ሳይሞላ፣ ረዳት ሳይጣራ፣
ኤርጫፎ ማጭዱን ይዞ ይወጣል ለሥራ፤
አጎንብሶ ያጭዳል፣ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ሸሚዙ እየተርገበገበ፤
ከሆሳዕና የወጣ ለት ግንበኛ ለመሆን ነበር ያሰበ፤
ያገኘው ግን ይህን ነው፤ አንድ ሸክም፣ የአንድ ሸክም ዋጋ፣
ማድረስ ነው ለዘርፌ ደጅ፣ በደንብ ሳይነጋ።
የከረሜላ ልጣጭ፣ የተፋቀ የስልክ ካርድ፣ የካንዴላ ስባሪ፣
የሚታየውን ሁሉ ለቅሞ ይጥላል፤
የማይታየው ከሣሩ ጋር ይታሰራል።

እኔ ደግሞ ከኋላው፣ ማንኪያና የወረቀት ከረጢት ይዤ፣
በየከረጢቱ ቁጥር ለጥፌ፣ ከቤተ ሙከራ ታዝዤ፣
እሱ ከላይ ሲያጭድ እኔ ሥሩን እጭራለሁ፤
«ምን ጠፋብህ?» ይለኛል። «አፈር» እለዋለሁ።
ሳቀ። «አፈር ብሎ ነገር! አገር ቤት ብትመጣ
በነጻ እሰጥሃለሁ፣ ጥቁር፣ ድንች የሚያወጣ።»

የምጽፈው በእርሳስ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው፣
«ካፊያ ሲመታው ቀለም ይሸሻል፣
እርሳስ ግን ይቆያል» ይሉ ነበር።
ስለ ደብተር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከባትሪ አዳሹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ባጠረው ስፍራ፣
ሲሚንቶ ላይ ቆማ ታመሰኳለች ቦራ።
እሑድ ጠዋት፣ መኪናው ሲሳሳ፣ እሷም ትወጣለች፤
የመንገዱን አካፋይ ዳር ዳር ትግጣለች፤
መብራቱ ቀይ ሲሆን አትቆምም፣
አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ለእሷ ግጦሽ ነው።
የተረቱ በሬ ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳተ ይላሉ፤
ለቦራ ግን ገደል የለም፤
ገደሏ ራሱ ሣሩ።

«ለናሙና ግማሽ ብርጭቆ» ብላት፣ ዘርፌ ተቆጣች፤
«ግማሽ የሚጠጣ ማን አለ?» ሙሉ ቀድታ ሰጠች።
አረፋው ትኩስ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት፣
ኪራዩን የከፈለ፣ ልጇን ያለበሰ፣ ይኸው ወተት።
ጠርሙሴን ሳወጣ አፈርኩ፤ እንደ ሌባ ዞር ብዬ ቀዳሁ፤
የተረፈውን ዐይኗ እያየ ጠጣሁ።
አላወቅሁም ነበር ልበል?
ጠርጥሬ ነው የጠጣሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማሽኑ ተናገረ።
አፈሩ፣ ሣሩ፣ ወተቱ፣
በሦስት አፍ አንድ ስም ጠሩ።
በእርሳስ ጻፍኩት፤ «እርሳስ»።
ቃሉ በገዛ እጁ ራሱን ጻፈ።

አለቃዬ አየ፣ ፈረመ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተ።
«ለማን ይላካል?» አልኩት።
«ለሚመለከተው ክፍል።»
ክፍሎቹን ሁሉ ዞርኩ፤
የሁሉም መስኮት ወደ መንገዱ ነው፣
የሚመለከት ግን አላገኘሁም።

ወሬውን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ።
በሩ ገርበብ ብሏል። የኤርጫፎ ሸክም ደጁ ላይ ነው፣ ገና እርጥብ።
ምንተስኖት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፤
ከደብተሩ ጎን ብርጭቆ፣
ከከንፈሩ በላይ የወተት ጢም፤
«ሀ»ን ጽፎ «ሁ» ላይ ሲደርስ ያስባል፣
ሲያስብ የእርሳሱን ጫፍ ያኝካል።

ዘርፌ ከበረቱ ሆና አየችው፤
«አንተ ልጅ! እርሳሱን ከአፍህ አውጣ!
መርዝ ነው! ስንቴ ልንገርህ?»
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣
«እስቲ አንተ ንገረው፣ የተማርከው፤
እኔን አይሰማኝም።»

ልጁ እርሳሱን አወጣ፤
ብርጭቆውን አነሳ፤
እኔም አፌን ከፈትኩ።